ከሜዳ ወደ ሜዳ ዳር፦ ሴት ተጫዋች አሠልጣኝ እስክትሆን ያሉት ዓመታት

ሲልቪያ ናይድና ሽቴፊ ጆንስ ለጀርመን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን እኩል 111 ጨዋታ ተሰልፈዋል። ሁለቱም በየዘመናቸው የአገራቸው አለኝታ ነበሩ፤ ሁለቱም በተጫዋችነት የአውሮፓን ዋንጫ ከአንድ ጊዜ በላይ አንሥተዋል፤ ሁለቱም ኋላ የዚያው ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነዋል። ናይድ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2016 ቡድኑን ስትመራ አንድ የዓለም ዋንጫ፣ ሁለት የአውሮፓ ዋንጫና አንድ የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኝታለች፤ በ2007ቱ የዓለም ዋንጫ ላይ ደግሞ ቡድኗ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው አንድም ግብ አልተቆጠረበትም። እርሷን የተካችው ጆንስ በ2017ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በሩብ ፍጻሜው በዴንማርክ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ለተከታታይ ስድስት ውድድሮች ከጀርመን እጅ ያልወጣው ዋንጫም ያኔ አመለጠ። በማርች 2018 ከኃላፊነቷ ተነሣች።

በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ልዩነት የኳስ ችሎታ አልነበረም። ናይድ እ.ኤ.አ. በ1996 መጫወት ካቆመች በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዋና አሠልጣኟ በቲና ቶይነ ሥር በምክትልነት ሠርታለች፤ በእነዚያው ዓመታት ታዳጊዎችን እያሠለጠነች፣ በ2004 ከ19 ዓመት በታች ቡድኑን የዓለም ሻምፒዮን አድርጋለች። ቶይነ ራሷ ዋና አሠልጣኝ ከመሆኗ በፊት የቀደማት አሠልጣኝ ምክትል ነበረች። ጆንስ ግን መጫወት ካቆመች በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈችው በአብዛኛው በሌላ ከባድ ሥራ ነው፤ የ2011ዱን የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ መርታለች፣ በፌዴሬሽኑ ውስጥም በኃላፊነት ሠርታለች። ብሔራዊ ቡድኑን ስትረከብ በዋና አሠልጣኝነት የመራችው ሌላ ቡድን አልነበረም። አሠልጣኝ በብዙ ምክንያት ይሰናበታልና የጆንስን ውጤት በዚህ ብቻ መተርጎም ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ናይድ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ያገኘችው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር፣ አንዲት ተጫዋች እንዴት አሠልጣኝ እንደምትሆን ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል።

ጎንደር ውስጥ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከተማችን ኳስ ትወዳለች፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ሕዝቡ ያሳየው ደስታ ከማንም አልተሰወረም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት ሜዳዎች ላይ ከወንዶቹ ጎን ኳስ የሚገፉ ልጃገረዶችም አሉ። ወላጆቻቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ከዋንጫ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ «ልጄ እስከ ስንት ዓመቷ ትጫወታለች? ከዚያ በኋላስ ምን ትሆናለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ ትክክለኛ መልስ ይገባዋል። ከመልሶቹ አንዱ አሠልጣኝነት ነው፤ ነገር ግን «አሠልጣኝ ትሆናለቻ!» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም ተጫዋችነት ሲያልቅ አሠልጣኝነት በራሱ አይጀምርም።

ለምን አይጀምርም? ጥሩ ተጫዋች የምታውቀው አብዛኛው ነገር በእግሯና በዓይኗ ውስጥ ያለ እንጂ በቃል የተቀመጠ አይደለም። አንዲት ልምድ ያላት የመሐል ሜዳ ተጫዋች ኳስ ከተከላካይዋ ተነሥቶ ወደ እርሷ ሲመጣ፣ ገና ሳይደርሳት ትከሻዋን አሻግራ ከኋላዋ ማን እንዳለ ታያለች፤ ባላጋራዋ በቀኝ እየመጣች ከሆነ ሰውነቷን ወደ ግራ ከፍታ ትቀበላለች፤ ማንም ከሌለ በመጀመሪያው ንክኪ ፊቷን ወደ ተቃራኒ ግብ ታዞራለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንድ ክፍልፋይ ሲሆን፣ ተጫዋቿ ራሷ ማየቷን እንኳ ላታስተውለው ትችላለች። አሥር ዓመት ስለሠራችው ልማድ ሆኗል። እንግዲህ ይህች ተጫዋች ነገ የ14 ዓመት ልጆች ፊት ቆማ «ቶሎ ቶሎ አስቢ!» ወይም «ነቃ በይ!» ብትል ልጆቹ ምንም አይማሩም። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጅቷ ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም።

አሠልጣኝ የሆነችው ሴት ያንን ልማድ ፈታ መልሳ መገጣጠም አለባት። በመጀመሪያ ኳሱ የሚነሣበትን፣ ዓይን ከኳሱ የሚነቀልበትንና በትከሻ አሻግሮ የሚታይበትን ቅጽበት ለይታ ማወቅ ይኖርባታል። ቀጥላ ልጅቷ ሳትነገራት እንድታይ የሚያስገድድ ልምምድ መፍጠር አለባት፤ ለምሳሌ በጠባብ ክልል ውስጥ ሦስት ቀለም የለበሱ ቡድኖችን አስገብታ፣ ኳስ የምትቀበለው ልጅ ከኋላዋ የቆመችው የየትኛው ቀለም እንደሆነች ኳሱ ሳይደርሳት ጮክ ብላ እንድትናገር ታደርጋለች። ያላየች ልጅ መናገር አትችልም፤ ስለዚህ አሠልጣኟ «እይ» ሳትል ልጅቷ ማየት ትጀምራለች። ይህን ካሳካች በኋላ የልምምዱን ክልል ማስፋት፣ ተከላካይ መጨመር፣ በመጨረሻም በትክክለኛ ጨዋታ ውስጥ ልጆቹ ሳይነገራቸው ያደርጉት እንደሆነ መታዘብ ይቀራታል። ይህ የሦስት ሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል። ተጫዋች ሆና በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ የምታስበው ስለ ራሷ ብቻ ነበር፤ አሁን የ20 ልጆችን ድካም፣ ጉዳት፣ ስሜትና የትምህርት ቤት ፈተና ጭምር በአንድ ላይ ማሰብ አለባት።

ለእኔ ከባዱና ክቡሩ የአሠልጣኝነት ክፍል ይህ ነው። ስለ አሰላለፍ፣ ስለ 4-3-3 እና ስለ 4-4-2 ብዙ ይወራል፤ ነገር ግን ቡድን የሚሠራው በሳምንቱ መካከል፣ ተመልካች በሌለበት፣ በልምምድ ሜዳ ላይ ነው። ናይድ በምክትልነትና በታዳጊ አሠልጣኝነት ያሳለፈቻቸው ዘጠኝ ዓመታት የዚህ ሥራ ዓመታት ነበሩ። ከዋና አሠልጣኟ አጠገብ ቆማ የቡድን ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ፣ ተጠባባቂ ለሆነች ተጫዋች እንዴት እንደሚነገራት፣ በእረፍት ሰዓት በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ተብሎ ምን እንደሚተው ተመለከተች፤ ከዚያ ደግሞ በራሷ ታዳጊዎች ላይ ሞከረችው። ስሕተቷ አገር የማያውቀው ስሕተት ሆኖ ያለፈበት ጊዜ ነበራት ማለት ነው።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት እንደመሆኗ፣ ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ዜማውንና ሽብሸባውን አሳምሮ ስላወቀ ብቻ መምህር አይባልም፤ ታናናሾቹን እያስቀጸለ ይቆያል፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተፈትኖ ያስመሰክራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር የሚተክለው። ማወቅ አንድ ነገር፣ ማስተማር ሌላ ነገር፣ ለማስተማር መታመን ደግሞ ሦስተኛ ነገር መሆኑን አባቶቻችን ከጥንት ለይተውታል። እግር ኳስም ዛሬ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ የምስክሩ ስም ላይሰንስ ይባላል።

በአፍሪካ የአሠልጣኝነት ላይሰንስ የሚወጣው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም በካፍ ሥርዓት ነው። ከታች ጀምሮ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ከሁሉ በላይ ፕሮ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ዲ የሕፃናትና የጀማሪዎች አሠልጣኝ መግቢያ በር ነው፤ እየወጡ በሄዱ ቁጥር ታዳጊዎችን፣ ከዚያ ዐዋቂዎችን፣ በመጨረሻም ከፍተኛ ሊግንና ብሔራዊ ቡድንን ለማሠልጠን የሚያበቃ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱን በአገር ውስጥ የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ደረጃ መዝለል አይቻልም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገርም በያዙት ደረጃ ቡድን ይዞ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ እንደምናየው የብዙ ሴቶች መንገድ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያደናግር ሌላ ጉዳይ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከዚያ የተመረቀች ወጣት ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ሥነ ምግብ፣ ስለ ልምምድ ጫና አመጣጠን ብዙ ታውቃለች። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዲግሪው ላይሰንስን አይተካም፤ ላይሰንስም ዲግሪን አይተካም። በፌዴሬሽን ውድድር ላይ በአሠልጣኝነት ለመመዝገብ የሚጠየቀው ላይሰንስ ነው፤ በትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ለመቀጠር ደግሞ የሚጠየቀው ዲግሪው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘች ሴት ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፍል የመምህርነት ሥራ እየሠራች፣ ከሰዓት በኋላና በሳምንት መጨረሻ የታዳጊ ቡድን ልታሠለጥን ትችላለች። በእኔ ግምት እንደ ጎንደር ባለ ከተማ ከሁሉ የተረጋጋው መንገድ ይህ ነው፤ ገና በመጫወት ላይ ያለች ልጅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ወላጆች የሚያሳስቡበት ምክንያትም ለኳሱ ጠላትነት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አሁን ሴቶች በዚህ መሰላል ላይ ለምን ጥቂት እንደሆኑ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ከ32ቱ ቡድኖች በሴት ዋና አሠልጣኝ የተመሩት 12ቱ ብቻ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ሴቶች በሆኑበት ውድድር ላይ ማለት ነው። የዚህ አንዱ ሥር ታሪክ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1921 ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከልክሎ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ የጀርመን ፌዴሬሽንም ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ነበረው። ናይድ የተጫወተችበት የመጀመሪያው የጀርመን የሴቶች ዓለም አቀፍ ጨዋታ የተደረገው በ1982 ነው። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ1991 ቻይና ላይ ተካሄደ። እንግዲህ በ1990ዎቹ ተጫውተው ያቆሙት ሴቶች ናቸው የመጀመሪያው ሰፊ የአሠልጣኞች ትውልድ ሊሆኑ የሚችሉት፤ ወንዶቹ ግን በዚያን ጊዜ የመቶ ዓመት ቅብብሎሽ ነበራቸው።

በአፍሪካ የዚህን ትውልድ ታሪክ በሕይወቷ የምታሳየን ደቡብ አፍሪካዊቷ ዴዚሬ ኤሊስ ናት። ኤሊስ በ1963 ኬፕታውን ውስጥ ተወለደች። በአፓርታይድ ምክንያት አገሯ ከዓለም አቀፍ ውድድር ታግዳ ስለነበር፣ ብሔራዊ ማልያ የለበሰችው ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም አቀፍ ጨዋታ ባደረገችበት በ1993፣ በ30 ዓመቷ ነው። ብዙ ተጫዋች ስለ ማቆም በሚያስብበት ዕድሜ እርሷ ጀመረች፤ ኋላም የቡድኑ አምበል ሆነች። መጫወት ካቆመች በኋላ ወዲያው ብሔራዊ ቡድን አልተሰጣትም። ክለብ አሠለጠነች፣ ከዚያ የሆላንዷ ቬራ ፓው ብሔራዊ ቡድኑን ስትመራ በምክትልነት ሠራች፣ በ2016 ፓው ስትለቅ በጊዜያዊነት ተተካች፣ ቋሚ ሹመቱን ያገኘችው በ2018 ነው። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በናይጄሪያ በመለያ ምት ተሸነፈች። በ2022 ግን ራባት ላይ አስተናጋጇን ሞሮኮን 2 ለ 1 ረትታ ዋንጫውን አነሣች፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫ ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯን ወደ 16ቱ አሻገረች።

የኤሊስን ጉዞ ዓመት በዓመት ስናስቀምጠው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ በተጫዋችነቷና በዋንጫዋ መካከል ሃያ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በምክትልነት ቦታ ያስቀመጣት ፌዴሬሽን፣ በጊዜያዊነት ያመናት አመራር፣ ከአንድ የፍጻሜ ሽንፈት በኋላም ያላሰናበታት ትዕግሥት ነበረ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኤሊስን ዛሬ የምናውቃት በአምበልነቷ ብቻ ይሆን ነበር። የናይጄሪያዋ ፍሎረንስ ኦማግቤሚም እንዲሁ የአገሯ አምበል ሆና ዋንጫ ካነሣች በኋላ በ2016 በአሠልጣኝነት መልሳ አንሥታዋለች።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ በ2002፣ በ2004 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ተሳትፈዋል፤ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ መውጣታቸው እስከ ዛሬ ድረስ የቡድኑ ትልቁ ውጤት ነው። ከሴት አሠልጣኞች መካከል ሰላም ዘርዓይ በ2018 እ.ኤ.አ. ሉሲዎቹን በዋና አሠልጣኝነት መርታለች። መሠረት ማኔ ደግሞ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን በፕሪሚየር ሊግ በማሠልጠን፣ ሴት አሠልጣኝ በወንዶች ሜዳ ዳር ልትቆም እንደምትችል ለአገሩ ሁሉ አሳይታለች። በክለብ ደረጃ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2024 እ.ኤ.አ. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን (የሴካፋን) ማጣሪያ አሸንፎ በሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፏል። በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ የሆነችውና ኋላ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር የተሻገረችው ሎዛ አበራ፣ ከእርሷም ጋር ያደጉት ተጫዋቾች፣ ቀድሞ ያልነበረንን ልምድ ይዘዋል። ይህ ትውልድ በየተራ መጫወት ሲያቆም ያ ልምድ ወደ ሜዳ ዳር ይመጣል ወይስ ከተጫዋቾቹ ጋር ወደ ቤት ይገባል የሚለው፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የሚወሰን ነው።

መንገዱ የሚሰበረው የት እንደሆነ በግልጽ ለማየት፣ አዘዞ የምትኖር የ25 ዓመት ተከላካይ አለች እንበል። ስምንት ዓመት ተጫውታለች፤ ጉልበቷ ማስቸገር ጀምሯል። የዲ ላይሰንስ ትምህርት ሲዘጋጅ ተመዝግባ ወስዳለች። ቀጥሎ ሲ መውሰድ ትፈልጋለች፤ ለዚያ ግን ቡድን ይዛ መሥራት አለባት። ክለቦች ዋናውን ቦታ የሚሰጡት ከፍ ያለ ላይሰንስና የቆየ ልምድ ላለው ሰው ነው፤ ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ምክትሉን ግን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ዋናው አሠልጣኝ ነው፤ እርሱም አብሮት የተጫወተውን፣ የሚያውቀውንና የሚያምነውን ሰው ይጠራል። ወንዱ ዋና አሠልጣኝ የሚያውቃቸው ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ማንም ክፋት ሳያስብ ልጅቷ ቡድን አታገኝም፣ ቡድን ስለሌላት ሲ አታገኝም፣ ሲ ስለሌላት በሚቀጥለው ዓመትም ቡድን አታገኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየች ሌላ ሥራ ትይዛለች፤ ሰውም «ሴቶች ማሠልጠን አይፈልጉም» ይላል።

ስለዚህ ቁልፉ የምክትልነቱ ወንበር ነው። የሴቶች ቡድን ያለው ክለብ ሁሉ ከምክትሎቹ አንዷ በዚያው ቡድን ወይም በከተማው የተጫወተች ሴት እንድትሆን ቢወስን፣ ብዙ ወጪ ሳያወጣ የናይድንና የኤሊስን መሰላል ይተክላል። ይህን ስል ስም ለማሟላት ኮን የምትደረድርና ማልያ የምትቆጥር ሴት ማስቀመጥ ማለቴ አይደለም። በሳምንት ቢያንስ አንዱን ልምምድ ራሷ አቅዳ ትምራ፤ ከልምምዱ በኋላ ዋናው አሠልጣኝ የታየውን ይንገራት፤ በጨዋታ ቀንም የተወሰነ ኃላፊነት፣ ለምሳሌ የቆመ ኳስ (የቅጣት ምትና የማዕዘን ምት) አደረጃጀት፣ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ይሁን። ዋንጫ ባይገኝበትም በዚህ ሁኔታ የሚያልፍ አንድ የውድድር ዘመን በወረቀት ከሚገኝ ሥልጠና የበለጠ ያስተምራል።

ክለብ እስኪጠራት መጠበቅ ግን አይኖርባትም። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሊጉም ያርፋል፤ ልጆቹ ጊዜ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የጎንደር ክረምት ሜዳውን ጭቃ ስለሚያደርገው ከሰዓት በኋላ የሚታቀድ ልምምድ ብዙ ጊዜ በዝናብ ይቋረጣል፤ ጠዋት ግን ሰማዩ በአብዛኛው ይከፈታል። ከ10 እስከ 13 ዓመት ያሉ 15 ልጃገረዶችን ሰብስባ፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በጠባብ ጠንካራ መሬት ላይ የምታሠለጥን ሴት ቡድን አላት። ዕቅዷን በደብተር ብትጽፍ፣ የመጡና የቀሩ ልጆችን ብትመዘግብ፣ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከቀበሌው ደብዳቤ ብትይዝ፣ ያ ሥራ ለቀጣዩ ላይሰንስ ማመልከቻ የሚታይ ማስረጃ ይሆናታል።

በዚህ ሥራ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ያለባት አንድ ነገር የጉልበት ጉዳይ ነው። ሴት ተጫዋቾች በጉልበት ውስጥ ያለውን የፊት ተሻጋሪ ጅማት የመበጠስ ዕድላቸው ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ደግሞ ማንም ሳይነካቸው፣ በመዞር ወይም ከዝላይ በማረፍ ላይ ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ 15 እንቅስቃሴዎችን በሦስት ክፍል ይዞ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ከኳስና ከኮን በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 የኖርዌይ ልጃገረዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ መርሐ ግብሩን የሠሩት ልጆች ላይ ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። እንቅስቃሴው ግን በትክክል ሲሠራ ነው የሚጠቅመው፤ ልጅቷ ዘልላ ስታርፍ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ከሆነ አሠልጣኟ አይታ ማረም አለባት። ብዙ ቡድኖች ግን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው እጅና እግር አወናጭፈው ወደ ኳስ ይገባሉ፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በእርሱ ምክንያት የሚያልቅ የተጫዋችነት ዘመን አለና።

ሴት አሠልጣኝ ለልጃገረዶች የምታመጣው ሌላ ጥቅም አለ፤ በግልጽ መነገር አለበት። የ13 ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ሲጀምር ለልምምድ መቅረት ትጀምራለች፤ ለወንድ አሠልጣኟ ምክንያቱን መናገር ስለማትደፍር «ሰነፈች» ተብላ ከዝርዝር ትወጣለች። በሜዳው ላይ አንዲት ታላቅ እኅት የምትመስል ሴት ካለች ግን ጉዳዩ በአንድ ቃል ያልቃል፤ በቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ የንጽሕና መጠበቂያ የምትይዝ አሠልጣኝ ልጅቷን በቡድኑ ውስጥ ታቆያታለች። ከዚህ ጋር የልጆች ደኅንነት ሥርዓት አብሮ ይሄዳል፤ አሠልጣኝ ወንድም ይሁን ሴት ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አለመሆን፣ ከከተማ ውጭ ጉዞ ሲኖር ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ፣ ልጅቷ ቅር ያላትን ነገር የምትነግረው ሁለተኛ ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ። ወላጅ ይህን ሥርዓት በዓይኑ ሲያይ ልጁን ያለ ስጋት ይልካል።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው፤ በሴቶች እግር ኳስ የሚከፈለው ከወንዶቹ ያንሳል፣ የታዳጊ አሠልጣኝ ክፍያ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ በብዙ ቦታም በነፃ የሚሠራ ነው። ለዚህ ነው ከላይ ስለ መምህርነት ያነሣሁት። ፊፋ የሴት አሠልጣኞችን ትምህርት የሚደግፍ የስኮላርሽፕ መርሐ ግብር አለው፤ ጥያቄው ግን በግለሰቧ ሳይሆን በአገሪቱ ፌዴሬሽን በኩል ነው የሚቀርበው።

እናትነት ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተጫዋችነት የሚያበቃበትና አሠልጣኝነት የሚጀምርበት ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ትዳር የሚያዝበትና ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ ነው። ፊፋ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ለሴት ተጫዋቾች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ደንግጓል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሳምንት ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ ሲሆን፣ ክፍያውም ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ማነስ የለበትም። በ2024 ይህ ጥበቃ ለሴት አሠልጣኞችም እንዲደርስ ተደርጓል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ግን በጽሑፍ ውል ያላትን ሴት ነው። በቃል ስምምነት፣ በወር በወር «የትራንስፖርት» እየተባለ የሚከፈላት ምክትል አሠልጣኝ ስትወልድ ቦታዋን የሚጠብቅላት ነገር የለም፤ ስለዚህ ክፍያው ትንሽም ቢሆን፣ የሥራ መደቧ፣ የውሉ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲሁም ክፍያው የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ እንድትጀምር እመክራለሁ።

ገና በመጫወት ላይ ያለች የጎንደር ልጅ ዛሬ ልትጀምር የምትችለው ሥራም ከወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። የላይሰንስ ትምህርት ቦታ ውሱን ስለሆነ ስም የሚላከው በእግር ኳስ ፌዴሬሽኖችና በክለቦች በኩል ነው፤ የትምህርት ማስረጃዋን፣ የተጫወተችባቸውን ክለቦች የሚያረጋግጥ ደብዳቤና የታዳጊ ሥልጠና መዝገቧን አዘጋጅታ፣ ቀጣዩ የዲ ወይም የሲ ትምህርት መቼ እንደሚሰጥ ከወዲሁ ጠይቃ ስሟን ማስመዝገብ አለባት። ጥሪው ሲመጣ ወረቀት ለመሰብሰብ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነውና፣ ይህን ሁሉ በመጨረሻው የውድድር ዘመኗ ሳይሆን ከዚያ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ብታደርገው፣ መጫወት ባቆመችበት ዓመት ላይ ታዳጊ ቡድን የያዘች፣ ዲ ላይሰንስ ያላትና ለሲ የምታመለክት አሠልጣኝ ሆና ትገኛለች።